የጥርስ ባለሙያዎች የመማማሪያ ቡድን በደሴና በኮምቦልቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡድን ለመመሥረትም ሆነ ያለውን ለመቀላቀል የሚፈልጉ የሙያ ባልደረቦች ደጋግመው የሚያነሧቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

የመማማሪያ ቡድን ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥቂት የጥርስ ባለሙያዎች በወር አንድ ጊዜ እየተገናኙ ያከሟቸውን ሰዎች ጉዳይ አንሥተው የሚነጋገሩበት ስብስብ ነው። ማኅተም የለውም፤ ሊቀመንበር የለውም፤ የምስክር ወረቀትም አይሰጥም። በሰሜን አሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች በዚህ መልክ መሰባሰብ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

እዚህ አካባቢ ሰውን የሚያሰባስበው ብቸኝነት ነው። ጎንደር ወይም ጅማ ሲማሩ ቀና ቢሉ መምህር፣ ዞር ቢሉ የክፍል ጓደኛ ነበረዎት። ደሴ መጥተው አንድ ወንበር ባለው ክሊኒክ ውስጥ ብቻዎን ሲሠሩ ግን ፋይል (የጥርስ ሥር ማጽጃ ቀጭን መሣሪያ) ተሰብሮ ሥሩ ውስጥ ቢቀርብዎ የሚያማክሩት አያገኙም። ታካሚውን አዲስ አበባ ወዳለ ስፔሻሊስት ልላክ ቢሉ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ታካሚው ደብዳቤውን ተቀብሎ «እሺ» ይልና በዚያው ይቀራል።

የጥርስ ሐኪም ያልሆነ ሰው መግባት ይችላል?

ይችላል፤ ባይገባ የሚጎዳው ቡድኑ ነው። ዴንታል ቴራፒስቶች (ሐኪም ሳይሆኑ ጥርስ የሚያክሙ ባለሙያዎች) ብዙ ጥርስ ይነቅላሉ፤ ስለዚህ ሥሩ አልወጣ ያለ መንጋጋ ጥርስ ሲገጥም ምን እንደሚበጅ ከእነርሱ መስማት ይጠቅማል። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው ቴክኒሺያን ልኬቱ የተበላሸው ታካሚው አፍ ውስጥ ይሁን ጂፕሰሙ ሲፈስስ ያውቃል፤ ጠይቆት የሚያውቅ ሐኪም ግን ጥቂት ነው። አውቶክሌቩን (መሣሪያ በእንፋሎት የሚመክንበትን ዕቃ) በየቀኑ የምትከፍተውና የምትዘጋው ነርስም የመሣሪያ ንጽሕና ጉዳይ ሲነሣ ከማንም በላይ የምትናገረው አላት።

አንድ ገደብ አለ። እያንዳንዱ የሚሠራው ፈቃዱ በሚለው ልክ ነው። ቅዳሜ ቡድኑ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ዘዴ የሰማ ቴራፒስት ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ ልሞክረው ማለት አይችልም።

ስንት ሰው ይበቃል?

ከአምስት እስከ አሥር። ሦስት ብቻ ከሆኑ አንዱ ሲቀር ስብሰባው ይፈርሳል፤ ከአሥራ ሁለት ካለፉ ደግሞ ውይይቱ ንግግር ይሆንና ዝምተኞቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ስብሰባው ደሴ ነው ወይስ ኮምቦልቻ? ቀኑስ?

ተራ በተራ ቢሆን ይሻላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። በበጋ ቀላል ነው፤ በክረምት ግን በመንገዱ ላይ ያለው ሐረጎ ጭጋግ ሲለብስ ማታ መንዳት አይመከርም። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ገና በብርሃን መበተን ያስፈልጋል።

ከቦታው ይልቅ የሚያጨቃጭቀው ቀኑና ሰዓቱ ነው። ሰኞ ደሴ የገበያ ቀን ስለሆነ ከገጠር የሚመጣ ታካሚ ይበዛል። ዓርብ እኩለ ቀን ጁምዓ አለ፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ለሁሉም የሚስማማ ሆኖ እናገኘዋለን። ረመዳን ሲገባ ሰዎች ለአፍጥር ቤታቸው እንዲደርሱ ሰዓቱን ማስቀደም ነው። ሁዳዴና ረመዳን ሲደራረቡ ቡናም ዳቦም ይቀራል፤ ባዶ አፍ ይዞ ስለ አፍ መነጋገር ያን ያህል አይከብድም።

ቦታው ከሥራ ሰዓት በኋላ የአንዱ አባል ክሊኒክ ቢሆን ይመረጣል፤ ወንበሩም መብራቱም እዚያው አለ። ካፌ አይሆንም። ፒያሳ ተቀምጠው ስለ አንዲት ሴት ድድ ሲያወሩ ከጎን ጠረጴዛ ያለው ሰው አጎቷ ሊሆን ይችላል። ደሴ ሰው ይተዋወቃል።

አንድ ስብሰባ ምን ይመስላል?

ሁለት ሰዓት ግድም ይወስዳል። ተራው እንደ ዕቁብ ለሁሉም ይደርሳል፤ ባለተራው አንድ ኬዝ ይዞ ይመጣል። የታካሚው ቅሬታ፣ ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሣው ራጅ፣ የተሰጠው መድኃኒትና ታካሚው ተመልሶ ሲመጣ ያለው ነገር ይቀርባል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ማንም አያቋርጠውም። ቀጥሎ ጥያቄ ብቻ ይፈቀዳል። አስተያየት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲጣስ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ባለተራው ገና «ታካሚዋ የ34 ዓመት ሴት ናት» ከማለቱ ሦስት ሰው መፍትሔ ይነግረዋል።

የሚመጣው ኬዝ ያልተሳካ ወይም ያልተቋጨ ቢሆን ይመረጣል። ያማረ ሥራ ብቻ ይዞ የሚመጣ አባል ይጨበጨብለታል፤ ሌላው ግን እንደመጣ ይመለሳል። ለምሳሌ ታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ሩት ካናል (የሥሩን ቦይ አጽድቶ መሙላት) ተሠርቶለት ሕመሙ አልለቅ ያለ ሰው እንውሰድ። በራጁ ላይ ሙሌቱ እስከ ሥሩ ጫፍ ወርዷል፤ ሲያዩት እንከን የለውም። ባለተራው ሦስት ጊዜ አይቶት አልፎታል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ግን አንዷ በኋለኛው ሥር ውስጥ ያለው ነጭ መስመር መሐል ላይ እንዳልሆነ፣ ወደ አንድ ጎን እንዳደላ ታያለች። መስመሩ ከሥሩ መሐል ሲሸሽ በሌላው ጎን ያልተከፈተ ቦይ ሊኖር እንደሚችል መጠርጠር ነው። ራጁን ቱቦውን ወደ ፊት ወደ 20 ዲግሪ አዘንብሎ ደግሞ ማንሣት ሁለቱን ቦዮች ለይቶ ያሳያል። ይህ ዘዴ የትምህርት ቤት ትምህርት ነው፤ ሁሉም ተምሮታል። በሰዓቱ ትዝ እንዲል ግን ሌላ ዐይን ያስፈልጋል።

መጽሐፍ እያለ ቡድን ምን ይጨምራል?

መጽሐፉ ደሴን አያውቃትም። አውቶክሌቭን እንይ። መጻሕፍቱ መሣሪያ የሚመክነው በ121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደሆነ፣ ለዚህም የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) ማሳየት እንዳለበት ይነግሩናል። ይህ 15 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መለኪያው የሚቆጥረው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌው 15 ላይ ቢቆምም ውስጥ ያለው እንፋሎት 116 ዲግሪ ግድም ላይ ይቀራል። 121 ለመድረስ ደሴ ላይ ወደ 19፣ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ባላት ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 18 ፒኤስአይ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የሚመለከተው በተለይ የግፊት መለኪያ ብቻ ያላቸውን ምድጃ ላይ የሚጣዱ አሮጌ አውቶክሌቮች ነው፤ ሙቀቱን ራሱን የሚለኩት አዳዲሶቹ በራሳቸው ያስተካክላሉ። ማንም ተነሥቶ ከአምራቹ ከተፈቀደው ግፊት በላይ ማስኬድ የለበትም፤ ዕቃው ያን ያህል ግፊት የማይችል ከሆነ የአምራቹን መመሪያ ተከትሎ ሰዓቱን ማርዘም ወይም ዕቃውን መቀየር ነው። በመሣሪያው ጥቅል ላይ የሚለጠፈው ቴፕ ቀለሙን መቀየሩም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቴፕ የሚመሰክረው ሙቀት እንደነካው ነው። ጀርሙ መሞቱን የሚያረጋግጠው የስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የጀርም ዘር) ምርመራ ነው። ይህን አንድ ነገር ይዞ ሁሉም ወደየክሊኒኩ ሄዶ መለኪያውን ቢያይ የዚያን ወር ስብሰባ ዋጋ ይከፍላል።

ሌላም አለ። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ለልኬት የሚበጠበጠው አልጂኔት ትሪው አፍ ውስጥ ሳይገባ ይጠነክራል፤ እዚያ የሚሠሩት የቀዘቀዘ ውኃ ይጠቀማሉ፣ ከደሴ ለተዛወረ ሰው ይህን ቀድሞ የሚነግረው ያስፈልገዋል። ለሥር ቦይ ማጠቢያ የሚውለው በረኪናም ሙቀትና ፀሐይ ካገኘው ጠረኑ ሳይለወጥ ጉልበቱ ይሄዳል፤ ጥቁር ጠርሙስና ጥላ ይፈልጋል። ጫት በሚያዝበት ጉንጭ በኩል የሚታየው ነጭ ምልክትም እዚህ በብዛት ያጋጥማል። ምክንያቱ ተወግዶ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ናሙና ወደሚወሰድበት ሆስፒታል መላክ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ «እስኪ ጫቱን በሌላው ጎን ያድርጉት» ብሎ የሚሸኝ ግን አይጠፋም።

የእጅ ልምምድስ አለ?

በየሦስት ወሩ ቢደረግ ጥሩ ነው። ሩት ካናልና ሙሌት በተነቀለ ጥርስ ላይ ይለመዳል። ጥርሱን ለዚህ ለማስቀረት ታካሚውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ሲጠየቅ እምቢ የሚል ብዙም የለም። ለልምምድ ከመዋሉ በፊት ሙሌት የሌለበትን ጥርስ በአውቶክሌቭ ለ40 ደቂቃ ማምከን ይቻላል። አማልጋም (ሜርኩሪ ያለበት ሙሌት) ያለው ጥርስ ግን ፈጽሞ አውቶክሌቭ ውስጥ አይገባም፤ ሜርኩሪው ይተንና ክፍሉን ይሞላዋል። እርሱ ለሁለት ሳምንት 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል።

ድድ መክፈትና መስፋት ለመለማመድ የውጭ አገር ሥልጠናዎች የአሳማ መንጋጋ ይጠቀማሉ። ወሎ ላይ ይህን ይዤ ልምጣ የሚል አይኖርም፤ የበግ ወይም የፍየል ጭንቅላት ከሥጋ ቤት በቀላሉ ይገኛል። ከዓረፋና ከፋሲካ ማግስትማ ከየቤቱ ይመጣል። በዚያው ቀን ካልተሠራበት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ለልምምድ የወጣ መሣሪያም ተለይቶ ታጥቦ ሳይመክን ወደ ታካሚ አይመለስም።

ክፍያ አለው?

የቡናና የፎርማሊን መዋጮ ካልሆነ የለም። ገንዘብ ሲጠራቀም ገንዘብ ያዥ ይመጣል፤ ገንዘብ ያዥ ሲመጣ ኦዲት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባው ስለ ጥርስ መሆኑ ይቀራል።

ለሙያ ፈቃድ እድሳት ይቆጠርልኛል?

አይቆጠርም። ለፈቃድ እድሳት የሚያገለግለው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ የሚገኘው እውቅና ካለው ሰጪ ከሚሰጥ ሥልጠና ነው፤ የቅዳሜ ስብስብ ይህ እውቅና የለውም። ነጥብ እንደሚያስገኝ አድርጎ አባል መሰብሰብ ሰውን ማታለል ነው። ይልቅ ቡድኑ በሌላ መንገድ ይረዳል፦ የትኛው ሥልጠና እውቅና እንዳለው፣ የት እንደሚሰጥ፣ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የሚያዋጣው የትኛው እንደሆነ አባላት ይነጋገራሉ፤ ሄዶ የተማረውም ተመልሶ ለሌሎቹ ያካፍላል።

የታካሚ ፎቶና ራጅ በቴሌግራም መላላክ እንችላለን?

ታካሚው ከፈቀደና ማንነቱ ከተሸፈነ ይቻላል። ስሙና የካርድ ቁጥሩ ይጥፋ፤ ፎቶው ከከንፈር አይለፍ። ራጁ ጥግ ላይ ስም ታትሞ ከሆነ ተቆርጦ ይውጣ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ይመድበዋል፤ «ሐኪሞች ብቻ ያሉበት ቡድን ነው» የሚለው ምክንያት አያድንም። ስልክ ይጠፋል፣ ልጅ ይነካካዋል፣ አባል ከሙያው ይወጣና ከቴሌግራሙ ሳይወጣ ይቀራል።

ፊት ባይታይም ታሪኩ ራሱ ሰውን ሊያጋልጥ ይችላል። «የሰኞ ገበያዋ ጨርቅ ነጋዴ፣ መንታ የወለደችው» ብሎ የጻፈ ሰው ስሟን ከመጻፍ የተሻለ አላደረገም። ዕድሜ፣ ጾታና ሕመሙ ይበቃል።

ሁላችንም አንድ ከተማ ውስጥ እየሠራን ነው፤ ታካሚዬን ቢወስዱብኝስ? ዋጋስ እንነጋገር?

ታካሚ የሚሄደው ሥራው ስለተበላሸበት ወይም ሳይነገረው ስለተጎዳ ነው እንጂ ሐኪሙ ከሌላ ሐኪም ጋር ስለተነጋገረ አይደለም። ሆኖም ደንብ ያስፈልጋል፦ በቡድኑ የተነሣ ታካሚ ወደ ሌላው አባል ቢሄድ ያ አባል ለመጀመሪያው ሐኪም ይነግረዋል፤ ታካሚው ፊትም የባልደረባውን ሥራ አያጣጥልም። «ይህን ማን ነው የሠራብሽ?» የሚለው ጥያቄ በጥርስ ወንበር ላይ ከሚነገሩት ሁሉ ጎጂው ነው።

ዋጋ ግን አይነሣም። ስለ ማደንዘዣ መወደድ ማማረር ሌላ ነው፤ «ከመጪው ወር ጀምሮ ሁላችንም ለጥርስ መንቀል ይህን ያህል እናስከፍል» ማለት ሌላ ነው። ሁለተኛው በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ስምምነት ነው። በጋራ ዕቃ ገዝቶ የትራንስፖርት ወጪ መካፈል ይቻላል፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ለሦስት ክሊኒክ ጓንት ጭኖ ቢመጣ ማንንም አይጎዳም።

አንጋፋው ሐኪም የተሳሳቱ ሲመስለኝ እንዴት ልናገር?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው «እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው» ሲሉ አዲስ ተመራቂ ዝም ይላል። ዝምታው አክብሮት ይመስላል፤ ታካሚውን ግን አይጠቅምም። ከልምድ እንዳየነው ሰውን ትቶ ቁጥሩን ማቅረብ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ክርክር እናስብ። ዶክተሩ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ሁለት ሙሉ ካርትሪጅ (ትንሽ ብልቃጥ) ማደንዘዣ ቢሰጥ ምንም አይልም ይላሉ። ወጣቱ ቴራፒስት «ዶክተር፣ እስቲ ከእርስዎ ጋር አብረን እናስላው» ብሎ ወረቀት ያወጣል። ማደንዘዣው ሊዶካይን ለሕፃናት በኪሎ ከ4.4 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል፤ ለዚህ ልጅ 66 ሚሊ ግራም ማለት ነው። 2 በመቶ የሆነው 1.8 ሚሊ ሊትር ካርትሪጅ 36 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ሁለቱ 72 ይሆናሉ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ይመለከታሉ፤ «እንግዲያው ሁለተኛውን አለመጨረስ ነው» ይላሉ። ማንም ተሳስተዋል አላላቸውም።

አንጋፋዎቹም የሚያግዙበት መንገድ አለ። የመጀመሪያውን ያልተሳካ ኬዝ እርሳቸው ቢያቀርቡ ከዚያ በኋላ የሚያፍር ወጣት አይኖርም። ይህን ማድረግ የማይፈልጉ አንጋፋ ካሉ ቡድኑ ገና በሦስተኛው ወር ወደ ንግግር መስሚያነት ይለወጣል።

ዕቃ አቅራቢ ድርጅት ስብሰባችንን ልደግፍ ቢልስ?

ምርቱን ይዞ መጥቶ ያሳይ፤ ይጠየቅ፤ ይሂድ። ምሳ ከጋበዘ በኋላ ኮምፖዚቱ (የጥርስ ቀለም ያለው ሙሌት) ከሌላው እንደሚለይ ሲናገር የሚሞግተው አይገኝም። ናሙና ከሰጠ ለሁሉም እኩል ይስጥ፤ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑም ይታይ። ሊያልፍበት የደረሰ ዕቃ «ስጦታ» ሆኖ ወደ ክፍለ ሀገር ሲላክ ለጤና ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም።

የአንድ አባል አሠራር ታካሚን የሚጎዳ ሆኖ ብናገኘውስ?

ሁለት ነገር መለየት ይገባል። ሙሌቱ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ቦይ ያመለጠው፣ ሥር ሰብሮ የቀረ ባለሙያ በስብሰባው ላይ ይመከራል፤ የተነገረው ከክፍሉ አይወጣም። አንድን ካርትሪጅ ለሁለት ታካሚ የሚያካፍል፣ መሣሪያ ሳያመክን የሚጠቀም ወይም የሌለውን ፈቃድ አለኝ የሚል ሰው ጉዳይ ግን የውይይት ርዕስ አይደለም። በዚያው ቀን ሁለት አባላት ለብቻው ይነግሩታል፤ እንዲያቆምም ይጠየቃል። ካላቆመ ለተቆጣጣሪው አካል ይነገራል፤ የቡድኑ ምስጢር እዚህ ላይ ያበቃል። ይህ ደንብ መነገር ያለበት አባል በሚገባበት ቀን እንጂ ችግር ከተፈጠረ በኋላ አይደለም።

ታካሚው ቅሬታ ያቀረበበት ወይም ወደ ክስ ያመራ ኬዝ ደግሞ ጉዳዩ እስኪዘጋ ለቡድኑ አይቅረብ። ባለጉዳዩ ጠበቃ ያማክር፤ ባልደረቦቹ ሻይ ይጋብዙት፤ ራጁ ግን ከመሳቢያ አይውጣ።